ጠርሙሷ ላይ የተጻፈውን አብረን እናንብበው

(በዴንቨር አካባቢ በተደረገ የወላጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ከመጠነኛ እርማት በቀር እንደተነገረው ነው።)

ሰላም፣ እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፤ እዚህ ወንበር አለ። አዘጋጆቹ "ቡናው እስኪፈላ ድረስ ተናገሪ" ብለውኛል። ለሐበሻ ማይክሮፎን ሰጥቶ እንዲህ ያለ ሰዓት መቁረጥ ድፍረት ነው።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህትና ወንድሞቼ፤ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ የደም ግፊቱንና የስኳሩን ክኒን ሳቀብላችሁ ነው። ዛሬ የማወራው ግን ስለማልሸጠው ነገር ነው። ስለ ካናቢስ። ልጆቻችን ዊድ የሚሉት፣ እኛ አገር ቤት ሀሺሽ ሲባል እየሰማን ያደግነው። ስሙን ስጠራ አቀርቅረው ጫማቸውን የሚያዩ አባቶች አሉ። አይዞን! እዚህ ማንም ማንንም አይከስም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላንሳ። "ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ የኛ አይደለም" የሚል ሰው በየስብሰባው አይጠፋም። ጣና ሐይቅ አካባቢ ላሊበላ የሚባል ዋሻ አለ። ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ጋር እንዳታምታቱት፤ ሌላ ነው። አርኪኦሎጂስቶች እዚያ ቆፍረው የሸክላ ማጨሻ አገኙ። ሲመረመር የካናቢስ ርዝራዥ ነበረበት። ዘመኑ 14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። ስለዚህ "የኛ አይደለም" ብለን ወሬውን አንዝጋው። እኛ ዝም ስንል ልጆቹ የሚጠይቁት ሻጩን ነው። ሻጩ ደግሞ ምን እንደሚላቸው መገመት አያቅትም።

አሁን ይቺን ጠርሙስ እዩልኝ። ከፍ ላድርጋት። የክኒን ዕቃ ትመስላለች። ክዳኗ ሕፃን እንዳይከፍተው ተጭኖ የሚዞር ነው። ባዶ ናት፤ አትስጉ። አንዲት እናት ከልጇ ጃኬት ኪስ አግኝታ አመጣችልኝ። ልጁ 21 ዓመት አልፎታል፤ በኮሎራዶ ሕግ ገዝቶ መያዝ ይችላል። ማሻሻያ 64 የሚባለው የግዛቱ ሕገ መንግሥት ለውጥ በ2012 በሕዝብ ድምፅ ጸደቀ (ዓመት ስጠራ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)፤ ሱቆቹ በ2014 በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ዕለት ተከፈቱ። ይህን እናትየውም ታውቃለች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "እንዲያው ይሄ ከባዱ ነው ቀላሉ?"

እስቲ እናንተ መልሱላት። ከባዱ ነው ቀላሉ?

ዝም አላችሁ። እንግዲያው እናንብበው። በትልቁ "ብሉ ድሪም" ይላል። ከሥሩ "ሃይብሪድ"። ከዚያ ቁጥሮች። ከዚያ በደቃቅ ፊደል ሦስት ስሞች፤ ሚርሲን፣ ፓይኒን፣ ካርዮፊሊን። ጥግ ላይ ደግሞ በዳይመንድ ቅርጽ ውስጥ ቃለ አጋኖና ቲኤችሲ የሚል ምልክት አለ። ይህን ምልክት ያዙልኝ። ከረሜላ ላይ ካያችሁት፣ ያ ከረሜላ አይደለም።

ሦስት ነገር አነብላችኋለሁ። ስሙን፣ ቁጥሩንና ሽታውን። ሽታው ላይ እናንተ ከእኔ ትበልጣላችሁ፤ ለምን እንደሆነ ስንደርስ ታያላችሁ።

አንደኛ፣ ስሙ። ብሉ ድሪም ከሁለት ዝርያ የተዳቀለ ነው። አንዱ ብሉቤሪ ይባላል፤ ዲጄ ሾርት በሚል ስም የሚታወቅ አሜሪካዊ አዳቃይ ያወጣው ነው። ሌላው ሄዝ ነው፤ ትውልዱ ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክሩዝ። ከብሉቤሪ የፍራፍሬ ሽታውን፣ ከሄዝ ነቃ የሚያደርገውን ወሰደ ይላሉ ሻጮቹ። አሜሪካ ውስጥ በጣም ከታወቁት ስሞች አንዱ ነው።

ሃይብሪድ የሚለውስ? ድቅል ማለታቸው ነው። ሱቅ ውስጥ ሦስት መደብ አለ። ኢንዲካ ያስተኛል፣ ሳቲቫ ያነቃል፣ ሃይብሪድ መሃል ላይ ነው ይባላል። ልጆቻችሁ ይህን ሸምድደውታል። ግን ሳቲቫ የሚለውን ስም ሊኒየስ የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ የሰጠው በ1753 ነው፤ ኢንዲካን ደግሞ ላማርክ የተባለ ሌላ ተመራማሪ በ1785። ሁለቱም ተክሉን አይተው ነው የሰየሙት እንጂ ማን አጭሶ ተኛ፣ ማን ነቃ ብለው አይደለም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሲዳቀል፣ መልሶ ሲዳቀል ኖሯል። ዛሬ መደርደሪያ ላይ ያለው ሁሉም ድቅል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁሉም ድቅል ከሆነ፣ "ድቅል" ብሎ መጻፍ ምን ይነግረናል?

ስሙም ዋስትና የለውም። እዚሁ ግሪሊ ያለው የሰሜን ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። በተለይ ከዲስፔንሰሪዎች፣ ማለትም ከካናቢስ ሱቆች፣ 122 ናሙና ሰበሰቡ፤ 30 ዓይነት ስም ያላቸው። ዘረመላቸውን ሲያዩ፣ አንድ ስም የያዙት ናሙናዎች በብዙ ቦታ አንድ ሆነው አልተገኙም። ዶሮ ወጥን አስቡ። በየቤታችሁ ይሠራል፤ ስሙ አንድ ነው። የአንዷን ቤት የቀመሰ ግን የሌላዋን... ስም አልጠራም፤ ከዚህ አዳራሽ በሰላም መውጣት እፈልጋለሁ።

እና ልጁ "ብሉ ድሪም እኮ ነው፣ ለስላሳው ነው" ቢላችሁ፣ ዋሽቶ አይደለም። እሱም የሰማውን ነው። ስሙ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ቲኤችሲ ማለት ሰውን የሚያጦዘው ንጥረ ነገር ነው። ለይተው ያወቁት በ1964 እስራኤል ውስጥ ራፋኤል መሹላምና የሒኤል ጋዖኒ ናቸው። መሹላም ሲተርከው የኖረ ነገር አለ። ለምርምሩ ሀሺሽ ፈለገ፤ ከየት ያምጣ? ፖሊስ ዘንድ ሄደ። 5 ኪሎ ሰጡት። ቦርሳው ውስጥ ከቶ በአውቶቡስ ተመለሰ። ተሳፋሪው "ይሄ ምንድን ነው የሚሸተው?" እያለ እርስ በርሱ ይተያይ ነበር። ዛሬ ያለው የካናቢስ ሳይንስ አብዛኛው ከዚያ ቦርሳ ወጣ ማለት ነው።

ጠርሙሷ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። ቲኤችሲኤ 22.1 በመቶ፤ ቲኤችሲ 0.6 በመቶ። ሁለተኛውን ብቻ ያየ ሰው "ኧረ ይሄማ ምንም የለውም" ይላል። እንደሱ አይደለም! ቲኤችሲኤ ጥሬው ነው። ጥሬውን ቢበሉት አያጦዝም። እሳት ሲያገኘው ነው ወደ ቲኤችሲ የሚለወጠው። ሲለወጥ ክብደት ስለሚቀንስ በ0.877 ይባዛል። 22.1ን በ0.877 አባዙት፤ 19.4 ገደማ ይመጣል። 0.6ን ጨምሩ። 20 በመቶ። ይሄ ነው እውነተኛው ቁጥር።

ጠርሙሷ የምትይዘው 3.5 ግራም ነው። የዚያ 20 በመቶ 700 ሚሊግራም ቲኤችሲ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፅ አላግባብ አጠቃቀም ጥናት ተቋም ለምርምር አንድ መለኪያ ብሎ ያስቀመጠው ስንት ነው? 5 ሚሊግራም። አምስት! እርግጥ ሲጨስ ብዙው ተቃጥሎም፣ በጭስም ይባክናል፤ 700ው ሁሉ ሰውነት ውስጥ አይገባም። ቢሆንም ልዩነቱን እዩት።

"እኔም በወጣትነቴ ቀምሼዋለሁ፣ ምንም አልሆንኩም" የሚሉ አባቶች አሉ። ስም አልጠራም ብያለሁ። ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ መንግሥት የያዘውን ካናቢስ ለዓመታት ሲመረምር ቆይቷል። በ1995 አማካዩ 4 በመቶ ገደማ ነበር። በ2014 ወደ 12 በመቶ ደረሰ። ይቺ ደግሞ 20 ነኝ ትላለች። እርስዎ የቀመሱትና ልጅዎ ኪስ ያለው አንድ አይደለም፣ አባቴ።

"ነኝ ትላለች" ያልኩት በምክንያት ነው። ቁጥሩም ይጋነናል። በ2023 የታተመ የኮሎራዶ ጥናት ከ10 ዲስፔንሰሪ 23 ናሙና ገዝቶ መልሶ መዘነው። 70 በመቶ ያህሉ ከተጻፈው ቢያንስ 15 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በአማካይ 15 በመቶ ቲኤችሲ አካባቢ ያለው ዕቃ ከ20 በላይ ተብሎ ተለጥፎበታል። ለምን? ገዢው ትልቅ ቁጥር ስለሚያሳድድ ነው። ትልቅ ቁጥር ያስወድዳል። ንግድ ነው።

ስለ ቁጥር ከተነሳ አንድ የሚገርመኝን ልንገራችሁ። ቦልደር ያለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሊያጠና ፈለገ። ግን በፌዴራል ሕግ ምክንያት ካናቢሱን ግቢው ውስጥ ማስገባት አይችልም ነበር። ምን አደረጉ? ቫን ገዝተው ላቦራቶሪ አደረጉት። ተሳታፊው ቤት ደጃፍ ያቆማሉ፤ ሰውየው ቤቱ ገብቶ የራሱን ያጨሳል፤ ወጥቶ ቫኑ ውስጥ ደም ይሰጣል፣ ሚዛኑንና የማስታወስ ችሎታውን ይፈተናል። በ2020 ያወጡት ውጤት እንዲህ ይላል፦ ተጨምቆ የወጣውን፣ በጣም ጠንካራውን የተጠቀሙት ሰዎች ደም ውስጥ ያለው ቲኤችሲ አበባውን ካጨሱት ከእጥፍ በላይ ነበር። መደናገራቸው ግን ተቀራራቢ ነው። ምናልባት ሰውነት ስለሚለምድ፣ ቲኤችሲው የሚያርፍበት የሴል ተቀባይም ስለሚሞላ ይሆናል። ስለዚህ ትልቅ ቁጥር ማሳደድ ለአጫሹም ቢሆን ኪሳራ ነው። ይህን ለልጆቻችሁ ብትነግሯቸው ከስብከት ይሻላል፤ ገንዘባቸው ነዋ!

ሦስተኛ፣ ሽታው። እስቲ ይቺን ፌስታል ተቀባበሉ። አይዟችሁ፣ ከእኔ ኩሽና ነው የመጣችው። የተደቆሰ ቁንዶ በርበሬ አለ፤ የብርቱካን ልጣጭ አለ፤ የጥብስ ቅጠል አለ፤ ጠጅ ሳር አለ። አሸት አድርጋችሁ አሽትቱ።

እነዚህን ሽታዎች የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ቴርፒን ይባላሉ፤ ጠርሙሷ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፉት ሦስት ስሞችም የነሱ ናቸው። ካናቢስ ብቻ ያለው ነገር አይደለም። ቁንዶ በርበሬውን ስታሸቱ አፍንጫችሁን የሚቆነጥጠው ውስጥ ካርዮፊሊን አለ፤ ቅርንፉድም አለው። የብርቱካኑ ልጣጭ ሊሞኒን ነው። የጥብስ ቅጠሉ ፓይኒን አለው። ጠጅ ሳሩ ሚርሲን። በሶብላና ድንብላል ውስጥ ያለው ደግሞ ሊናሎል ይባላል። ባለሙያዎቹ እናንተ ናችሁ ያልኩት ለዚህ ነው። ሻጩ በላቦራቶሪ ወረቀት የሚያውቀውን እናንተ በሙቀጫ ታውቁታላችሁ።

ብሉ ድሪም ውስጥ ብዙ ጊዜ አንደኛ የሚሆነው ሚርሲን ነው። ፓይኒንና ካርዮፊሊን ይከተላሉ። አሁን ልብ በሉ። ሱቅ ገብታችሁ ብትጠይቁ "ሚርሲን ያስተኛል፣ ሶፋ ላይ ያጣብቃል" ይሏችኋል። መልሳችሁ ስለ ብሉ ድሪም ብትጠይቁ "ቀን የሚወሰድ ነው፣ ያነቃቃል" ይሏችኋል። ያው ሚርሲን የሞላበት! ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ? አይሄዱም። ሚርሲን በሚጨሰው መጠን ሰውን እንደሚያስተኛ በቅጡ ያሳየ የሰው ጥናት አላየሁም። እየተደጋገመ እውነት የሆነ ወሬ ነው።

ሁሉም ወሬ ነው እያልኩ ግን አይደለም። ካርዮፊሊን ሲቢ2 ከሚባለው የሰውነታችን ተቀባይ ጋር እንደሚጣበቅ በ2008 ታይቷል። ይሄ ተቀባይ በብዛት ያለው በመከላከያ ሴሎቻችን ላይ ነው፤ ስለዚህ አያጦዝም። ዶሮ ወጥ በልቶ የጦዘ ሰው አላየንም። የሊሞኒኑ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በ2024 ባሳተሙት ጥናት ለ20 ጤነኛ ሰዎች ቲኤችሲን ብቻውንም፣ ከሊሞኒን ጋርም በተን እንዲስቡ ሰጧቸው። 30 ሚሊግራም ቲኤችሲ ከ15 ሚሊግራም ሊሞኒን ጋር ሲሆን ጭንቀቱና ፍርሃቱ ቀነሰ። ሊሞኒኑ ብቻውን ሲሰጥ ግን ምንም አላደረገም። ስለዚህ ሽታው ዝም ብሎ ሽታ ላይሆን ይችላል። ይህን አብሮ የመሥራት ነገር መሹላምና ባልደረቦቹ በ1998 ነው ያነሱት፤ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሻጭ ግን ክርክሩን አይጠብቅም።

እንግዲህ የእናትየውን ጥያቄ እንመልስላት። ስሙ ምንም አይነግረንም። ሽታው ጥቂት ይነግረናል። ቁጥሩ፣ ተጋንኖም ቢሆን፣ ብዙ ይነግረናል። መልሴ "ከባዱ ነው" የሚል ነበር። ለለመደ ሰው መካከለኛ ሊባል ይችላል። ለጀማሪ፣ ለአዛውንት፣ ለታዳጊ ከባድ ነው።

ምን ያደርጋል? ሰውየው ዘና ይላል፣ ይስቃል፣ ይርበዋል። አፉ ይደርቃል፣ ዓይኑ ይቀላል። ሰዓቱ ይረዝምበታል። ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል። አንዳንዱን ደግሞ ያስጨንቀዋል፤ "ልሞት ነው" ያሰኘዋል። ከምንም በላይ ልዩነት የሚያመጡት መጠኑ፣ ልምዱና የዚያን ቀን ሁኔታው ናቸው። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የምትወስዱ ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ እንዳትነኩት። የደም መፍሰስ አደጋን ሊጨምር ይችላል።

የሚበላውን ሳላነሳ አላልፍም። ጎረቤቴ ቤት የሆነ ነው። ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ እናት፣ ፍሪጅ ላይ ያገኟትን ጣፋጭ ቀመሱ። ምንም የለም። ጣፋጭ ናትና ሌላ ደገሙ። ከሰዓት በኋላ ምላሳቸው ከበደ፣ ግድግዳው ቀረበባቸው። "ልጆቼ፣ መንፈስ ገባብኝ" አሉ። ቤቱ ተሸበረ። ጠበል የሚፈልግ አለ፣ 911 የሚደውል አለ። ደውለው እኔን ሲጠሩኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት "ዕቃው የታል?" ብዬ ነው። ያ ዳይመንድ ምልክት ነበረበት። በሚበላ ጊዜ ጉበት ቲኤችሲውን ወደ ሌላ ጠንካራ ነገር ይለውጠዋል። ለመጀመር ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ከጀመረ ለሰዓታት ይቆያል። ሰው የሚሳሳተው "አልሠራም" ብሎ ሲደግም ነው። ኮሎራዶ ውስጥ አንዱ ፍሬ ቢበዛ 10 ሚሊግራም ነው፤ አንዱ ፓኬት 100። ሐኪም ቤት ቆይተው ደህና ሆኑ፤ አሁን ሲያወሩት ይስቃሉ። ሕፃን ቢሆን ግን አያስቅም። ቆልፉበት። የመርዝ መረጃ ማዕከል ስልኩ 1-800-222-1222 ነው፤ አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

ሌላ በአጭሩ። ልጃችሁ በየጊዜው ካስመለሰውና ሙቅ ሻወር ውስጥ ሰዓታት ከቆየ፣ ጨጓራ ነው ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ለረጅም ጊዜ በብዛት የሚያጨሱ ሰዎች ላይ የሚከሰት የታወቀ ሕመም አለ፤ ሙቅ ውሃው ያስታግሳል፣ መፍትሔው ግን ማቆም ነው። ልጁም ለሐኪሙ እውነቱን ካልነገረ ከምርመራ ወደ ምርመራ ሲንከራተት ይከርማል። ሌላው፣ በ2019 ላንሴት ሳይካያትሪ በሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 10 በመቶና ከዚያ በላይ ቲኤችሲ ያለውን በየቀኑ የሚጠቀሙ ሰዎች ሳይኮሲስ የሚባለው፣ ከእውነታ የሚያርቅ የሥነ አእምሮ ሕመም የማግኘት ዕድላቸው ጨርሶ ካልተጠቀሙት ወደ አምስት እጥፍ ቀርቦ አግኝቷል። አስከተለ ለማለት ብዙ ክርክር አለ። ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም ካለ ግን ለልጃችሁ አትደብቁት።

ጠርሙሷ ላይ ያልተጻፈ አንድ ነገር ቀረኝ፤ ለእኛ ለስደተኞች ዋናው እሱ ነው። ግዛቱ ፈቅዷል። የፌዴራል ሕግ ግን በግዛቱ ፈቃድ አይታሰርም። ግሪን ካርድ ይዛችሁ ዜግነት ልትጠይቁ ያሰባችሁ፣ ስሙኝ። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ በግዛት ሕግ የተፈቀደም ቢሆን የካናቢስ ጉዳይ "መልካም ሥነ ምግባር" የሚለውን መስፈርት ሊያስጥል እንደሚችል ገልጿል። ማጨስ ብቻ አይደለም፤ በሱቁ መቀጠርም። እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ በካናቢስ ሥራ ተቀጥረው ዜግነት የተከለከሉ ሰዎች በዚያው ዓመት ዜና ላይ ወጥተዋል። የወር ደሞዝ የሚከፍል፣ ግብር የሚቆርጥ ሥራ ነበር! ስለዚህ ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት፣ ኢንተርቪው ላይ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ጠበቃ አናግሩ።

የከባድ መኪና ሾፌሮችም አላችሁ፤ አየኋችሁ። የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ ምርመራ "ኮሎራዶ ውስጥ ሕጋዊ ነው" የሚል ምክንያት አይቀበልም። ቲኤችሲ ስብ ውስጥ ስለሚቀመጥ ርዝራዡ በሽንት ለቀናት፣ አዘውትሮ በሚጠቀም ሰው ላይ ደግሞ ለሳምንታት ሊታይ ይችላል። ቅዳሜ የተጨሰ ረቡዕ መንጃ ፈቃድ ሊያስጥል ይችላል። አንድ ወንድማችን እንዲህ ሆኖ መኪናውን በባንክ ዕዳ አቁሞት ነበር፤ መድኃኒት ሊወስድ መጥቶ ነው የነገረኝ።

ቡናው ሸተተኝ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ጮክ ብሎ መጠየቅ የከበደው ወረቀት ላይ ይጻፍና ያቀብለኝ፤ ስም አያስፈልግም። ፌስታሏን ግን መልሱልኝ፤ ቁንዶ በርበሬው ለማታ ወጥ ይፈለጋል። እሺ፣ እዚያ ጥግ ያሉት እናቴ፣ ማይክሮፎኑን ስጧቸው።